በገዛ ጣት

አልሞን ስትሮውጀር የካንሳስ ሲቲ ቀብር አስፈጻሚ ነበር። እንደሚባለው፣ ሐዘንተኞች ሲደውሉለት የስልክ ማዞሪያዋ ሠራተኛ ጥሪውን ለተፎካካሪው ትሰጥበት ነበርና ተናደደ፤ በ1891 እ.ኤ.አ. ያለ ሰው እጅ መስመር የሚያገናኝ መሣሪያ ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አገኘ። ጣት አስገብተን የምናዞረው ባለ አሥር ቀዳዳ ክብ የመጣው ይህን ሐሳብ ተከትሎ ነው፤ በደዋይና በተደዋይ መካከል ማንም እንዳይቆም።

ቢስቲማ የሚኖሩት አጎቴም መካከል ላይ የሚቆም ሰው አይወዱም። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲገቡ ስልክ ተቋረጠ፤ አጎቴም ደሴ ያለችው ልጃቸው ትኑር አትኑር ሳያውቁ ሳምንታት ቆጠሩ። መስመሩ ሲመለስ የጎረቤት ልጅ ቀፎውን ነካክቶ አገናኛቸው። ድምፅዋን ሲሰሙ አለቀሱ፤ ልጁም ቆሞ ያያቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ባገኙኝ ቁጥር የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «አንተ ልጅ፣ እኔው በገዛ ጣቴ የምደውልበት ነገር ፈልግልኝ!»

ባለ ቁልፍ ቀፎ ገዛሁላቸው። 5 ቁጥር ላይ ለዓይነ ስውር የምትረዳ ነጥብ አለች፤ እርሻ ያደነደነው ጣታቸው ግን አላገኛትም። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ከሣጥን ሥር አንድ ጥቁር ስልክ አስወጡ። በወጣትነታቸው ደሴ በተላላኪነት ሲሠሩ ከመሥሪያ ቤታቸው ጨረታ የገዙት ነው።

ይህ ዓይነቱ ስልክ የሚናገረው በዝምታ ነው። በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን ቀጭን ኮረንቲ፣ ክቡ ወደ ቦታው ሲመለስ ይቆራርጠዋል፤ ለ3 ሦስት ጊዜ፣ ለ9 ዘጠኝ ጊዜ፣ ለ0 አሥር ጊዜ፣ በሰከንድ አሥር ጊዜ ገደማ። «09» ለማለት ብቻ 19 ጊዜ ይቆረጣል! የዘመኑ መሣሪያ ደግሞ የለመደው በ1963 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ላይ የዋለውን የድምፅ ቋንቋ ነው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፅ በአንድ ላይ ያሰማል። በአጎቴ ቤት የመዳብ ሽቦ ስለሌለ ሲም ካርድ የሚገባበት፣ የስልክ ገመድ መሰኪያ ያለው ሣጥን አመጣሁ። ስልኩን ስንሰካው «ዱ…» አለ፤ ክቡን ብናዞረው ብናዞረው ያው «ዱ…» ነው። አልሰማንም።

አስተርጓሚ ያስፈልግ ነበር። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ጠጋኝ፣ ቁርጥራጩን ቆጥሮ ወደ ድምፅ የሚለውጥ የጣት ጥፍር የምታክል ሰሌዳ ስልኩ ሆድ ውስጥ አስገባ። አሁንም ቁጥር ይሳሳት ጀመር፤ ቅባቱ ደርቆ ክቡ ይንቀራፈፋል፣ አስተርጓሚዋም መቁጠሩን ያለ ጊዜው ትዘጋለች። በነጭ ጋዝ አጥቦ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረገበት። የመናገሪያው የከሰል ፍርፋሪ ስለተጋገረ እጀታውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ድምፁ ጠራ። ደወሉ ግን የሣጥኑ ኮረንቲ ደካማ ስለሆነ ያቃስታል እንጂ አይጮኽም፤ ጽዋዎቹን ወደ መዶሻዋ አስጠጋቸው።

አንድ ቅሬታ ቀረኝ። ድሮ ስልክ ኮረንቲውን ከማዕከሉ በሽቦው ስለሚቀበል መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። ሣጥኑ ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይተኛል። ስለዚህ ባትሪ ጨመርንበት።

አጎቴ የብረት ማገጃዋን ዳስሰው አገኙ። ከማገጃዋ በላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ቀዳዳ 1፣ ከበታቿ ያለችው 0 መሆኗን ጣታቸው አልረሳም። አሥሩን አኃዝ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ፈጀባቸው። ከወዲያ ማዶ ልጃቸው «ሃሎ» ስትል እጀታውን በሁለት እጃቸው ያዙና ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

«ውጡልኝ እስቲ» አሉን።

በሩን ዘግተን ወጣን።