የአንድ ሞተር መደናቀፍና የእኔ ፈጥኖ መፍረድ

ሰው ያልተማረውን ሙያ ለመናገር ሲነሣ ሊያፍር ይገባዋል። እኔም የቅኔ ቤት ሰው ስሆን ስለ መኪና ሞተር መጻፌ ብዙዎቻችሁን የሚያስገርም ይመስለኛል። ዳሩ ግን በዚህ ነገር ምክንያት በእኅቴ ልጅ ላይ ያለ ጥፋቱ ስለ ፈረድሁበት፥ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጽፌ ለማስታወቅ ወደድሁ።

ሁለት የእኅት ልጆች አሉኝ። ታላቁ ኑሮው በአዲስ አበባ ሲሆን፥ ታናሹ በአርባ ምንጭ ተቀምጦ የዶርዜ ሸማና ጋቢ ይነግዳል። ታላቁ በብዙ ድካም ለፍጥነት የተሠራች ባለ ተርቦ የቤንዚን መኪና ገዝቶ ነበርና፥ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ለወንድሙ አደራ ሰጠው። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ወደ ጨንቻ ሊወጣ ቢነዳት፥ ዳገቱን እንደ ጀመረች ሞተሩ ይደናቀፍ፥ መኪናዪቱም እንደሚያነክስ ፈረስ ትንገጫገጭ፥ የሞተሩም መብራት ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። አንድ የጋራዥ ሰው ድምፁን ብቻ ሰምቶ «ሞተሩ አልቋል፤ መለወጥ አለበት» አለው። የነዳጅ መኪና ከውጭ ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና ማጣት ትልቅ ጉዳት ነውና፥ ታላቁ እጅግ ተቈጣ። «እሽቅድምድም ነድተህባታል፥ መጥፎ ቤንዚንም ቀድተህባታል» ብሎ ወንድሙን ከሰሰው።

ሁለቱም ወደ እኔ መጡ። እኔም የታናሹን ቃል እስከ መጨረሻው ሳልሰማ «አደራ በእጅህ ከጠፋ ዕዳው የአንተ ነው፤ ክፈል» አልሁት። ልጁም አንድ ቃል ሳይመልስ ወጣ። ለቤት መሥሪያ ያጠራቀመውን ቆርቆሮ ሸጦ ገንዘቡን ለወንድሙ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቴ አልመጣም፤ በትንሣኤ በዓል እንኳ ለጾም መፍቻ ብንጠብቀው ቀረ።

ከዚህ በኋላ ታላቁ ሞተሩን ከማስለወጡ በፊት፥ በአርባ ምንጭ ለሚሠራ አንድ ወጣት መካኒክ አሳየው፤ እኔም አብሬ ሄድሁ። ወጣቱ መፍቻውን ሳያነሣ አስቀድሞ ጠየቀ። «የሚደናቀፈው ቆሞ ሲሠራ ነው ወይስ ዳገት ሲወጣ? ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ?» አለ። ቆሞ ሲሠራ ደኅና እንደ ሆነ፥ በዳገት ግን እንደሚደናቀፍ ነገርነው። እርሱም «እንግዲያስ ጥያቄው ጠበበ» አለ።

ከዚያም እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ሞተሩ አራት ሲሊንደሮች አሉት፤ በየተራቸውም አንደኛው፥ ሦስተኛው፥ አራተኛው፥ ሁለተኛው እያሉ ይተኩሳሉ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሴኮንድ 25 ጊዜ ይተኩሳል ማለት ነው። አንዱ ተራውን ሲስት ሞተሩ በሙሉ ያነክሳል፤ ያልተቃጠለውም ቤንዚን በጭስ መውጫው ወጥቶ በዚያ ያለውን ማጣሪያ ያበላሻል። ይህን ስሰማ አራት ቤት ያለው ክብር ይእቲ ትዝ አለኝ። ከአራቱ አንዱ ቤት ቢሰበር ቅኔው በሙሉ ይበላሻል፤ ዳሩ ግን አዋቂ መምህር ቅኔውን በሙሉ አይጥለውም፥ የተሰበረውን ቤት ፈልጎ ያቀናዋል እንጂ።

ተርቦ የሚባለው መሣሪያ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየዞረ አየርን አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባ ነው። ይህን ጥበብ አልፍሬድ ቡሒ የሚባል የስዊስ መሐንዲስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1905 በስሙ አስመዘገበው። በ1918ም ሳንፎርድ ሞስ የሚባል አሜሪካዊ አንድ የአውሮፕላን ሞተር ፓይክስ ፒክ ወደሚባለው፥ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ተራራ አውጥቶ፥ ተርቦ በሳሳ አየር የሞተርን ኃይል እንደሚጠብቅ ፈትኖ አሳየ። ለእኛም አገር የሚጠቅመው በዚሁ ምክንያት ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ያህል፥ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉና፥ አርባ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ የአየሩ ግፊት አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን አየሩ በታመቀ ቍጥር ብልጭታው የካንዴላውን ክፍተት መዝለል ይከብደዋል። ስለዚህ የደከመ ኮይል ቆሞ ሲሠራ ጤነኛ መስሎ፥ ሸክም ሲበዛበት ድካሙ ይገለጣል።

መካኒኩ በመጀመሪያ የአራቱንም ሲሊንደሮች ግፊት ለካ፤ ሁሉም ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። «ሞተሩ አላለቀም» አለ። የተርቦውንም ቱቦዎች በሳሙና ውሃ እየቀባ አየር የሚያፈስስ ቀዳዳ ፈለገ፤ አልተገኘም። ኮምፒዩተሩን ቢሰካው ፒ0302 የሚል ምልክት አወጣ፤ ይኸውም ሁለተኛው ሲሊንደር ተራውን ይስታል ማለት ነው። እኔ «እንግዲያስ ጥፋቱ ታወቀ» ብለው፥ «መሪጌታ፥ ቦታው ታወቀ እንጂ ምክንያቱ ገና አልታወቀም» ብሎ መለሰልኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ በልቤ አለ።

ከዚያም የሁለተኛውን ኮይል ከአራተኛው ጋራ አለዋወጠ፤ ሌላ ምንም አልነካም። «ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም» አለ። ምልክቱን አጥፍቶ ከሲቀላ ተነሥተን የጨንቻን ዳገት ያዝን። የአባያ ሐይቅ ከበታችን ቀይ ሆኖ ሲታየን፥ መኪናዪቱ እንደ ልማዷ ተደናቀፈች። ቆመን ኮምፒዩተሩን ብናይ አሁን ፒ0304 ይላል። ደዌው ኮይሉን ተከትሎ ሄደ። ኮይሉን አውጥቶ ቢያሳየን፥ በሙቀት ብዛት እንደ ፀጕር የቀጠነ ስንጥቅ ወጥቶበታል፤ ብልጭታውም በዚያ ስንጥቅ ወደ ብረቱ ያመልጥ ነበር። የካንዴላዎቹም ክፍተት ከዘመን ብዛት ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ስለ ተገኘ አራቱም ተለወጡ። አዲስ ኮይል ከገባ በኋላ መኪናዪቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትደናቀፍ ጨንቻ ገባች። በታናሹ እጅ የጠፋ ነገር አልነበረም፤ ዕቃው አርጅቶ ነው እንጂ።

በዚያ ቀን ስመለስ በመንገድ አልተናገርሁም። ያ ወጣት ለአንድ ብረት ያደረገውን ምርመራ፥ እኔ ለእኅቴ ልጅ አላደረግሁለትም። ስሕተቱ የታየው በእርሱ እጅ ስለ ሆነ ምክንያቱም እርሱ ነው አልሁ። የጋሞ ሽማግሎች በዱቡሻ ተቀምጠው የሁሉን ቃል ሰምተው ሳይጨርሱ አይፈርዱም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ወገኖቻቸው በተገደሉ ጊዜ፥ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል ቢነሡ፥ እነዚህ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው ያልበደለ ሰው እንዳይጎዳ ከለከሉ። እኔ በመካከላቸው እየኖርሁ፥ «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» የሚለውንም ተረት ለደቀ መዛሙርቴ እያስተማርሁ፥ ራሴ ሥሩን ሳላይ ቀረሁ።

በማግሥቱ ወደ ልጁ ሱቅ ሄጄ፥ ታላቅ ወንድሙ ባለበት «በድዬሃለሁ፥ ይቅር በለኝ» አልሁት። እርሱም ከተቀመጠበት ተነሥቶ ጕልበቴን ሊስም ቢጎነበስ ከለከልሁት። «የኔታ፥ ወንድሜ ተቈጥቶ ነበር፥ ቍጣ ያልፋል። እርስዎ ግን አልተቈጡም ነበር፤ ስለዚህ የፈረዱብኝን እኔም እውነት ነው ብዬ ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር» አለኝ።

ታላቁ ገንዘቡን መለሰለት፤ የቆርቆሮ ዋጋ ግን በመካከሉ ስለ ጨመረ፥ የጐደለውን እኔ እየከፈልሁ ነው። ቤቱ እስከ ዛሬ አልተከደነም። ለሽምግልና የምትቀመጡ አባቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፥ እኛ ሳንመረምር የምንናገረውን ቃል የሚያከብር ሰው ጣራውን ሸጦ ይከፍልበታልና እንጠንቀቅ።