«ደብዳቤ ፎርጅ ማድረግ እችላለሁ!» አልኳቸው

ይህን ጉድ ለጓደኞቼ ሳጫውት ግማሾቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ ግማሾቹ «ውሸትሽን ነው!» አሉኝ። እናንተም የፈለጋችሁትን በሉኝ፤ እኔ ግን ልናገርና ይውጣልኝ።

ነገሩ የተጀመረው የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ በሰጠችኝ አሮጌ ኪንድል ነው። ለማታውቁት፣ ኪንድል መጽሐፍ የሚነበብበት ጠፍጣፋ ነገር ነው። እንደ ስልክ ዓይን አይወጋም፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት ይቆያል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ደግሞ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ያልገባሁ ሰው ነኝና እንግሊዝኛዬ ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል። አማርኛ ስጽፍ ማንንም የማልፈራ ሴትዮ፣ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ሲያናግረኝ ላብ ያጠምቀኛል። «በቃ፣ አንብቤ እገላገላለሁ» ብዬ ተነሳሁ።

ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከሚባለው ነፃ የመጻሕፍት ክምችት የቻርልስ ዲከንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» አወረድኩ። (ይህ ልብ ወለድ መጀመሪያ የወጣው ከ1860 እስከ 1861 በሳምንታዊ መጽሔት ላይ በክፍል በክፍል ነው። ልክ እንደኛ ጋዜጣ «ይቀጥላል» እየተባለ!) ታዲያ ገና መጀመሪያው ላይ፣ ፒፕ የሚባለውን ልጅ የሚያሳድገው ጆ የተባለ ደግ ሰው «ፎርጅ» ውስጥ እንደሚሠራ አነበብኩ። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ፎርጅድ መታወቂያ፣ ፎርጅድ መንጃ ፈቃድ፣ ፎርጅድ ዲግሪ ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ፣ ምን ልበል? «ይሄ ሰውዬ የሐሰት ሰነድ ነው እንዴ የሚሠራው?» አልኩ።

ቃሉን በጣቴ ጫን ስለው መዝገበ ቃላቱ ብቅ አለ። ለካ ፎርጅ የብረት ቀጥቃጭ ቤት ነው! ለብቻዬ ሳቅኩ። ከታች ያለውን ሳላነብ ዘጋሁትና «ቃሉን ያበላሸነው እኛ ነን፤ ፎርጅድ የሰፈር አራዳ ቋንቋ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ጉዴ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

ኪንድል አንድ ጥሩ ጠባይ አለው። በፈረንጆቹ 2013 በመጣ «ቮካቡላሪ ቢልደር» በሚባል ክፍል፣ ትርጉሙን ያያችሁትን ቃል ሁሉ ከተገኘበት ዓረፍተ ነገር ጋር ያስቀምጥላችኋል። «አወቅሁት» ስትሉ «ማስተርድ» ወደሚለው ታሻግሩታላችሁ። እኔም እንደ ዕቁብ ገንዘብ ቃል ማጠራቀም ጀመርኩ። ማታ ማታ ቃሎቹን ስልኬ ላይ ላለ ቻትቦት እሰጣለሁ። «ፎርጅ የሚለውን ግስ አስረዳኝ፣ አምስት ዓረፍተ ነገር ሥራልኝ» እለዋለሁ። እሱ እንደሆነ አይደክመው! ጓደኝነት ፎርጅ ይደረጋል፣ ኅብረት ፎርጅ ይደረጋል፣ አዲስ መንገድ ፎርጅ ይደረጋል… መፍጠር፣ መገንባት ማለት ነው አለኝ። «ገባኝ» ስለው «ጎበዝ!» ይለኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደሱ ደጋግሞ ጎበዝ ያለኝ ሰው የለም። በሁለት ወር ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ቃል «ማስተርድ» አልኩ።

ከዚያ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። አንድ የግል ድርጅት፣ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል። በየጋዜጣው የምጽፈው ጽሑፍ አንዳንዴ ይከፈልበታል፣ አንዳንዴ ይረሳል። ለእናቴ «ከዚህ ወር ጀምሮ የቤት ኪራዩን እኔ እችላለሁ» ብያት ወጣሁ። እሷም እስከ በር ሸኝታ መረቀችኝ።

ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንድ ጎልማሳና አንዲት ሴት። «ምን ምን መሥራት ትችያለሽ?» አሉኝ፣ በእንግሊዝኛ። ደረቴን ነፋሁና፣

«አይ ካን ፎርጅ ጉድ ሌተርስ!»

የሴትየዋ እስክሪብቶ ቆመ። ሰውዬው፣

«ፎርጅ?»

«የስ፣ ፎርጅ!»

«ማንኛውንም ደብዳቤ?»

«ማንኛውንም!»

ሰውዬው ሳል ያዘው። ሴትየዋ ቀና ሳትል «እንደውልልሻለን» አለችኝ። እስከ ዛሬ አልደወሉም። ለእናቴ «ቦታው ተይዟል» አልኳት፤ ይህንን ስታነብ ይቅር ትበለኝ።

ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ማታ ነው። እየተናደድኩ ቻትቦቱን «ደብዳቤ ፎርጅ ማድረግ ማለት ምንድነው?» አልኩት። በአንድ መስመር፣ «ሰነድ አስመስሎ መሥራት፣ ወንጀል ነው» አለኝ። «ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም!» አልኩት። እንደ ልማዱ በትሕትና ይቅርታ ጠየቀኝ። ወደ ላይ መለስ ብዬ የድሮ ጽሑፋችንን ሳነበው ግን አፈርኩ። አምስቱን ዓረፍተ ነገር የሠራው እሱ ነው። አሥሩንም፣ መቶውንም እሱ። በሁለት ወር ሙሉ እኔ ራሴ የሠራሁት አንድ ዓረፍተ ነገር የለም! እኔ «ገባኝ» እላለሁ፣ እሱ «ጎበዝ» ይላል። አንድ ቀን እንኳ «ሥራዬ ደብዳቤ ፎርጅ ማድረግ ነው» ብዬ ብጽፍለት ኖሮ እቤቴ ተቀምጬ እዋረድ ነበር እንጂ ሰው ፊት አልዋረድም።

ግቢያችን ውስጥ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አሉ፣ ጋሼ እንላቸዋለን። ቡና ሊጠጡ እኛ ቤት ሲመጡ፣ እናቴ ጓዳ ገባ ስትል ጠብቄ ነገርኳቸው። ስኒውን አስቀምጠው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና «የኔ ልጅ፣ ሁለቱም ትርጉም እኮ ወንድማማች ነው» አሉኝ። ፎርጅ ከላቲኑ «ፋብሪካ» የመጣ ነው፤ የሥራ ቦታ ማለት ነው፣ እኛም በጣልያንኛ በኩል «ፋብሪካ» ብለን የያዝነው እሱኑ ነው። መጀመሪያ መሥራት ነበር፣ ኋላ አስመስሎ መሥራትም ሆነ። «የሰፈርሽን ሰው ባታሚው ኖሮ ሥራውን አታጪም ነበር» አሉኝ። ይቺ አባባላቸው እስካሁን ትቆረቁረኛለች።

ቻትቦቱን አልተውኩትም፣ መተዳደሪያ ደንብ ግን አወጣሁለት። በቀን አምስት ቃል ብቻ። ቃሉን ብቻውን አልሰጠውም፣ ኪንድሉ ያስቀመጠውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር እጽፍለታለሁ። ትርጉሙን አስቀድሞ እንዳይነግረኝ እከለክለዋለሁ። መጀመሪያ እኔ ገምቼ ሁለት ዓረፍተ ነገር እሠራለሁ፣ አንዱን ለቢሮ፣ አንዱን ለጓደኛ። ከዚያ «አታሞግሰኝ። ስህተቴን አውጣ። ሌላ ትርጉም ካለው፣ ቃሉ ካረጀ፣ ሰው የሚስቅብኝ ከሆነ ንገረኝ» እለዋለሁ። እንዲህ ሲጠየቅ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው! «ካውንተናንስ» የሚለውን ፊት ለማለት ስጠቀምበት «ትክክል ነው፣ ግን ዛሬ በወሬ መሀል ብዙም አይባልም» አለኝ። ዲከንስ ያስተማረኝ ግማሹ ቃል እንዲህ የአያት ካፖርት ሆኖ ተገኘ። በአማርኛ እንዲያስረዳኝ ግን ትቻለሁ፤ አማርኛው ሲያሻው የሌለ ቃል ይፈጥራል። ቀላል እንግሊዝኛ ይሻለኛል።

ሁለት መቶ ምናምኑን ቃል ከ«ማስተርድ» አወጣኋቸው። እስካሁን እንደገና ያለፉት ሰላሳ አንድ ናቸው። የሚያልፉትም ማሽኑ ስላለ ሳይሆን፣ በማግስቱ ጋሼ ፊት ሳልንተባተብ ስላቸው ነው። እሳቸው ደግሞ ነገር አይረሱም። ትናንትና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ስወጣ፣ እናቴ እየሰማች፣ ከበረንዳቸው ጮክ ብለው፣

«እህስ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትፎርጂ ነው?» አሉኝ።