ተከታዩ ኮከብ

የሠውር ዐይን ሆኖ የሚታየውን ቀይ ኮከብ ዐረቦች አል-ደበራን አሉት፤ ተከታይ ማለት ነው። ሰባቱን ከዋክብት ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ይወጣላ! ሕንዶች ግን ሮሂኒ፣ ቀይዋ፣ ይሉታል፤ በተረታቸው ጨረቃ ከ27 ሚስቶቹ አብልጦ የወደዳት እሷን ነው። እንግዲህ አንዱ ጭራ ያደረገውን ሌላው እመቤት አደረገው።

እኔ ሁለተኛ ልጅ ነኝ፤ በሰፈራችን «የእገሌ ተከታይ» እየተባልሁ አድጌአለሁና ነገሩ ከነከነኝ። ለካስ ኮከቡ ማንንም አይከተልም! ወርዱ ከፀሐያችን ከ40 ጊዜ በላይ የሆነ፣ ያረጀ ግዙፍ ነው። እሱ ከእኛ 65 የብርሃን ዓመት ያህል ሲርቅ ሰባቱ ወደ 440 ይርቃሉ፤ መንገዳቸውም ለየቅል ነው። ተከታይ ያሰኘው የእኛ መቆሚያ ነው።

ወዳጄ፣ ለሰውም ስም ከማውጣትህ በፊት እስቲ የቆምህበትን እይ።