ቀይዋ መብራት

ቮልስ ነድታችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኞቻችሁ አልነዳችሁ ይሆናል፤ ሳታዩ ግን አላደጋችሁም። ከፊትም ከኋላም ክብ የሆነችው፣ ከመታየቷ በፊት በድምጿ የምትታወቀው ትንሽ መኪና ናት። በወረቀት ላይ ስሟ ቮልስዋገን ቢትል ነው፤ እኛ ቮልስ ብለን ጨርሰናል። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውም ቮልስ ነበረች። የቮልስ ወዳጆች ለጉዞ በተሰባሰብን ቁጥር ይህ ታሪክ ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም፤ የመኪናዋ ቀለም ምን ነበር በሚለው ላይ ግን ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ እነዚህ ሰዎችና ስለ አንድ ቅዳሜ ነው።

እኛ ቤት ያለችው ቮልስ ክሬም ናት። እ.ኤ.አ. የ1968 ሥሪት፣ 1,285 ሲሲ። አባቴ ሲያርፍ እናቴ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ለይታ "ይህቺ አትሸጥም" ያለችው እሷን ብቻ ነበር። ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ።

በዚያን ጊዜ በአንድ የግል መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ባለፈው ዓመት ክረምት መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ከተቀነሱት አንዱ ሆንኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን እንደ ወትሮው ሸሚዜን ተኩሼ እለብሳለሁ፣ ክሬሟን አስነስቼ እወጣለሁ፤ ዛፍ ያለበት ጸጥ ያለ ሰፈር አቆማትና እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ውስጧ እቀመጣለሁ። የሥራ ማስታወቂያ አነባለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ እተኛለሁ። በወጣቶች ኅብረታችን የጸሎት ርእስ ሲጠየቅ "ሥራ አጥቻለሁ" የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም፤ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" እል ነበር። እንዲያውም ሥራ ለሌላቸው ልጆች ቆሜ የጸለይኩበት ቀን አለ። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ አንድ ሽማግሌ የመኪናዬን መስኮት በጣታቸው አንኳኩ።

"ልጄ፣ ይህቺ መኪና የማን ናት?"

"የአባቴ ናት፣ ጋሼ።"

ዞረው የኋላውን ኮፈን አስከፈቱኝ። የቮልስ ሞተር ከኋላ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከፊት ያለው ትርፍ ጎማና የቤንዚን ታንከር ነው። ጎንበስ ብለው አዩ፣ ቺንጊያዋን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጓት፣ "ላልታለች" አሉኝ። ከዚያ "ቅዳሜ ጠዋት ና" ብለው ቦታውን ነገሩኝ። ወደ ክበቡ የገባሁት እንዲህ ነው።

በክበቡ ውስጥ ሰው በስሙ ብዙም አይጠራም፤ በመኪናው ነው። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ክሬሙ" ሆንኩ። ሽማግሌው "ጋሽ አረንጓዴ" ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ መካኒክ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉን፣ "እትዬ ቀይ"፤ ትልቅ ፔርሙስ ሙሉ ቡና ሳይዙ ወጥተው አያውቁም። "ሃምሳ ስምንት" የምንለው ሰው ደግሞ መኪናው እ.ኤ.አ. የ1958 ሥሪት ናት። የቤንዚን ጌጅ የላትም፤ ታንከሩ ውስጥ እንጨት ከትቶ ነው የሚለካው። ፍሬቻዋም መብራት አይደለም፤ ሲታጠፍ ከበሩ ጎን እንደ ትንሽ ክንድ ብቅ የምትል ብርቱካናማ እጅ ናት። ሕፃናት ሲያዩዋት ይጮኻሉ።

የሚያገናኘን መኪናው ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ግን ከመኪናው ሌላ የሚያገናኘን ነገር ፈልጌም ብዙ አላገኘሁም። ሙስሊም አለ፣ ኦርቶዶክስ አለ፣ ጴንጤ አለ። አንዱ ነጋዴ ነው፣ አንዱ ባትላሜራ፣ አንዷ ሐኪም። ጉዞ በዐቢይ ጾም ከዋለ የጾሙ ምግብ አስቀድሞ ይታዘዛል፤ ሥጋ ከሆነ የእስላምና የክርስቲያን ተብሎ ለየብቻ ይቀርባል። በዚህ ላይ ማንም ሲያጉረመርም አልሰማሁም። ጭቅጭቅ የሚነሳው ስለ ካርቡራተር ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክለዋል። የኤሌክትሪክ መኪኖች ያለ ድምፅ ሽው እያሉ ያልፉናል። ጋሽ አረንጓዴ "እንግዲህ እኛ ሙዚየም ሆነን ቀረን" ይሉና ይስቃሉ። እኔ ግን ያልፋሉ እንጂ አይሰባሰቡም እላለሁ፤ ምናልባት ገና አላረጁ ይሆናል።

በመንገድ ላይ አንድ ሕግ አለን። ከፊታችሁ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከኋላችሁ ያለውን በመስታወት እያያችሁ ትነዳላችሁ። ከኋላችሁ ያለው ከጠፋ ትቆማላችሁ። ከፊታችሁ ያለውም እናንተን ከመስታወቱ ሲያጣ ይቆማል። እንዲህ እየተባለ፣ ስልክ ሳይደወል፣ መቆሙ ከኋላ እስከ ፊት ይደርሳል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ገመድና መለዋወጫ የጫነ አሮጌ ላንድሮቨር ይከተላል፤ "ኋላ ጠባቂ" እንለዋለን።

ቅዳሜዋ የጥቅምት መጀመሪያ ነበረች። አዲሱ ገበያ ካለ ማደያ አሥራ ሰባት ቮልስ ሆነን ወደ ደብረ ሊባኖስ ተነሳን። ሐሳባችን ጭላዳዎቹንና ገደሉን አይተን፣ ምሳ በልተን ለመመለስ ነበር። የእንጦጦን ዳገት ስትወጡ ቮልስ ታቃስታለች። ከፍታው አየሩን ያሳሳዋል፤ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን አይቀንስም፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ቢሆንም አትፈላም። ራዲያተር የላትም፣ ውኃም አትጠጣም፤ የምትቀዘቅዘው በንፋስ ነው። ሱሉልታ ስንወርድ ሜዳው በጉም ተሸፍኖ አዩት እንጂ አይነገርም፤ በመስታወቴ የሚታዩኝ ጥንድ ጥንድ ክብ መብራቶች ብቻ ነበሩ። ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለል አለኝ።

ጫንጮን እንዳለፍን ከፊቴ ቀይ መብራት በራች።

እዚህ ጋ ትንሽ ላስረዳችሁ። በቮልስ ውስጥ አንዲት ቺንጊያ ዲናሞውን ታዞራለች፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ያለው በዚያው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ስለዚህ ቺንጊያዋ ስትበጠስ ባትሪው መሞላቱን ያቆማል፣ ሞተሩም ንፋስ ያጣል። ለሾፌሩ የሚደርሰው ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ ያቺ ቀይ መብራት። ወዲያው ከቆማችሁ ጉዳቱ የአንድ ቺንጊያ ነው፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አባቴ ገና መንዳት ሲያስተምረኝ "ይህቺ ከበራች አታስብ፣ ቁም" ብሎኝ ነበር።

አልቆምኩም።

ምን አስቤ እንደነበር በትክክል አስታውሳለሁ። እኔ ከቆምኩ አሥራ ሰባት መኪና ይቆማል። አዲሱ ልጅ በመጀመሪያ ረጅም ጉዞው ሁሉንም አስቆመ ይባላል። ቺንጊያዋ እንደላላች ተነግሮኝ ነበር፤ ማጥበቅ ነበረብኝ፣ አላጠበቅኩም። ሽቦ ተነካክቶ ይሆናል፣ እስከ ሙከ ጡሪ ትድረስ አልኩ። ከፊቴ የነበሩት እትዬ ቀይ በመስታወታቸው አይተውኝ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እኔም ፈገግ ብዬ መለስኩላቸው።

ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ነዳኋት። መጀመሪያ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፤ ቀጥሎ ነዳጅ ስረግጥ መልስ አልሰጥ አለችኝ። ከዚያ እንደ ብረት ጩኸት ያለ ድምፅ ተሰማና ዝም አለች። ወደ መንገዱ ዳር ተንከባልላ ቆመች። ለጥቂት ጊዜ የእርሻ ሽታና የቀዝቃዛ ንፋስ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም ቆሙ።

ጋሽ አረንጓዴ መጥተው ኮፈኑን ከፈቱ። እጃቸውን ወደ ሞተሩ አስጠግተው ሳይነኩት መለሱት።

"መብራቷ መቼ በራች?"

"አሁን ነው፣ ጋሼ።"

ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም። የተበጠሰችውን ቺንጊያ አውጥተው ሣሩ ላይ አስቀመጧት።

ደብረ ሊባኖስ ሳይደረስ ቀረ። አንድ ሰው "እናንተ ቀጥሉ" ሲል ሰምቼ "አዎ፣ እባካችሁ ቀጥሉ" ብዬ ለመንኩ፤ የሰማኝ የለም። ሸራ ተነጠፈ፣ ምሳው እዚያው መንገድ ዳር ወጣ፣ የአካባቢው ልጆች ተሰበሰቡ፤ ባለ ሃምሳ ስምንቱ ያቺን ክንድ እያወጣና እያስገባ ሲያስቃቸው ዋለ። እትዬ ቀይ ቡና ቀድተው በእጄ አስያዙኝ። እያንዳንዱ ደግነታቸው አንገቴን ይበልጥ አስደፋኝ።

ስንመለስ ክሬሟን ላንድሮቨሩ በገመድ ጎተታት። እኔ መሪ ያዝኩ፤ ጋሽ አረንጓዴ መኪናቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሞተር በሌለበት መኪና ውስጥ ሁለት ሰው ሲቀመጥ ዝምታው ይከብዳል። ሱሉልታን ስናልፍ እኔው ሰበርኩት።

"ጋሼ፣ ከጫንጮ ጀምሮ ነበር የበራችው።"

"አውቃለሁ።"

"ለምን ዝም አሉኝ?"

"ሥራ አለኝ እያለ በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ መኪና ውስጥ ተኝቶ ያገኘሁትንም ልጅ ዝም ብዬዋለሁ።"

ገመዱ እንዳይላላ ዓይኔን ከላንድሮቨሩ ላይ መንቀል አልቻልኩም፤ ባይሆን ኖሮ ፊታቸውን ማየት የምችል አይመስለኝም። እንደዚያው ወደ ፊት እያየሁ ሦስቱንም ወር ነገርኳቸው። ምክር አልሰጡኝም። ቁልቁለቱ ሲጀምር "ፍሬን ላይ ሁን" ብቻ አሉኝ።

የዚያን ቀን ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። ብዙ ከቆየች በኋላ "ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ምሳ የት ነበር የምትበላው?" አለችኝ። ይህን ጥያቄ መመለስ ከሁሉም ከበደኝ፤ አብዛኛውን ቀን አልበላም ነበር። በቀጣዩ ሳምንት በኅብረታችንም ተናገርኩ። ሁለት ልጆች ከስብሰባው በኋላ ወደ ጎን ጠርተውኝ እነሱም ሥራ ካጡ መሰንበታቸውን ነገሩኝ። አንደኛው ያኔ የጸለይኩለት አይደለም፤ እሱ "አሜን" እያለ አጠገቤ የቆመው ነበር።

ሞተሩ ነክሷል። የቮልስ አራቱ ሲሊንደሮች ለየብቻ የሚወልቁ መሆናቸው በጀን፤ ሁለቱ ፒስተኖች ተጣብቀው ተበላሽተዋል፣ ሁለቱ ይተርፋሉ። አንዱን ባለ ሰማያዊው ከመጋዘኑ አመጣ፤ ሌላው እየተፈለገ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ አረንጓዴ ግቢ እሄድና ቱታ ለብሼ ብሎን በቤንዚን አጥባለሁ። ሥራም አግኝቻለሁ፤ ከቀድሞው ደመወዙ ያንሳል።

በኅዳር ወደ ቢሾፍቱ ስንወጣ መኪና ስላልነበረኝ ኋላ ጠባቂው ላንድሮቨር ውስጥ አስቀመጡኝ። ሥራዬ የቆመ ካለ ማየት ነበር። ዱከም ሳንደርስ ከፊታችን ያቺ ብርቱካናማ ክንድ ብቅ አለች፤ ሃምሳ ስምንት ወደ ዳር ወጣ። ገመዱን ይዤ ወረድኩ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ገና ከሩቅ ጮኸልኝ፦

"ቤንዚን ነው! ዛሬ እንጨቱን ቤት ረስቼው ነው!"