ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ እንደሌለን እንቁጠረው



ውድ አንባቢያን፣ እኛ ኮምፒውተርና ሞባይል በመጠገን እንዲሁም የመሥሪያ ቤቶችን ኔትወርክ በመዘርጋት የምንተዳደር ባለሙያዎች ነን። ደንበኞቻችን አስቀድመው የሚጠይቁን ስለ ዋጋ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዕቃው የተበላሸበት ሰው ገና በር ላይ ሳለ የሚጠይቀን "ውስጡ ያለው ይተርፍ ይሆን?" ብሎ ነው።

ቢጠይቅም አይፈረድበትም። ሞባይል ቢሰበር ዛሬ ባይሆን ከወራት በኋላ ሌላ ይገዛል። ውስጡ ያለው የእናት ፎቶግራፍ፣ የኒካሕ ቀን ቪዲዮ፣ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የባለሱቁ የዱቤ ሒሳብ ግን መርካቶን ሙሉ ቢዞሩ አይገኝም። በዚህ ጊዜ እኛም በተራችን "ሌላ ቦታ ቅጂ አስቀምጠዋል?" ብለን እንጠይቃለን። አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው መልስ ዝምታ ነው። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይባላል። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ውሻው ጅቡ ሳይመጣ እንዲጮኽ ማድረግ ነው።

አራት የድምፅ መልእክቶች

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እህት ውኃ የገባበት ሞባይል ይዛ መጣች። አባቷ ወደ አኼራ ከሄዱ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሐኪም ቤት ተኝተው ሳለ ለልጆቻቸው የተናገሯቸው የድምፅ መልእክቶች በዚያ ሞባይል ውስጥ ነበሩ። እኛ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት አንድ ጥገና ቤት ወስዳው፣ "ይደርቃል" ተብሎ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ሁለት ቀን ሰንብቷል። ውኃ የገባበት ዕቃ ኤሌክትሪክ ካገኘ ቦርዱ ይበላል፣ ይዝጋል። እኛ ስንከፍተው ያለቀለት ሆኖ አገኘነው።

"የማስታወሻውን ቺፕ ነቅላችሁ ሌላ ሞባይል ላይ ብትተክሉትስ?" አለችን። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ነገር ግን የዛሬ ሞባይሎች መረጃውን የሚያስቀምጡት በምስጢር ቁልፍ ቆልፈው ሲሆን፣ ቁልፉ ከዚያው ሞባይል ፕሮሰሰር ጋር የተሳሰረ ነው። ቺፑ ብቻውን ሌላ ዕቃ ላይ ቢተከል የማይነበብ ዝርክርክ ነገር ይሆናል።

"መልእክቶቹን ለሰው አስተላልፈሽ ነበር?" አልናት። ጂዳ ለምትኖር ታላቅ እህቷ ጥቂቶቹን ልካላት እንደነበር አስታወሰች፤ እዚያው ቁማ ደወለችላት። አራቱ ተገኙ። የቀሩት እንደ ጠፉ ቀሩ። እነዚያን አራቱን ያተረፈቻቸው እኛ ጋ ያለችው መሣሪያ አይደለችም። ያተረፋቸው በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ቤት፣ በሌላ ዕቃ ላይ መቀመጣቸው ነው። የምንለው ሁሉ ከዚህች ነጥብ አይወጣም።

ዕቃው ለምን ይከዳናል?

ሃርድ ዲስክ የሚባለው በውስጡ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለው። የሚያነበው ጫፍ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው ከፀጉር ዘለላ ውፍረት በሺህ በሚቆጠር እጥፍ ባነሰ ክፍተት ነው። በሥራ ላይ እያለ ከጠረጴዛ ከወደቀ ወይም መብራት ደጋግሞ ከጠፋበት ጫፉ ሳህኑን ሊቧጭረው፣ ፋይሉም ሊበላሽ ይችላል። ፍላሽ፣ ሜሞሪ ካርድና ኤስ ኤስ ዲ የሚሽከረከር ነገር የላቸውም። መረጃውን የሚይዙት በጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። እነሱም በተጻፈባቸው ቁጥር ይደክማሉ፤ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ቢረሱም ቻርጁ ቀስ በቀስ ሊፈስ ይችላል። እንግዲህ የማይሞት ዕቃ የለም ማለት ነው።

በዚህ ላይ ማጭበርበርም አለ። በጣም በርካሽ የሚሸጥ፣ ላዩ ላይ "2 ቴራባይት" የተጻፈበት ፍላሽ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ መጠኑ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ይሆናል። ለኮምፒውተሩ ውሸት እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ ነው። ልኩ ሲሞላ አዲሱን በድሮው ላይ ይጽፋል፤ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፍቱት ግን ውስጡ ባዶ ነው። ስለዚህ የገዛችሁትን ፍላሽ ገና ባዶ ሳለ "ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ" በተባለው ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ፈትሹት።

ትልልቆቹም አላመለጡም

"ይህ የእኛ የድሆች ችግር ነው" የሚል አይጠፋም። እስቲ ሦስት ታሪኮችን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ "ቶይ ስቶሪ 2" የሚለውን የካርቱን ፊልም እየሠራ ሳለ፣ በስህተት በተሰጠ የማጥፊያ ትእዛዝ የፊልሙ ፋይሎች ከኮምፒውተሮቹ ላይ መጥፋት ጀመሩ። ወደ መጠባበቂያው ቢሮጡ መጠባበቂያው በትክክል ሲሠራ እንዳልነበረ ተገለጠ። ፊልሙን ያዳነችው ጌሊን ሱስማን የተባለች ባለሙያ ነበረች። ወልዳ ቤቷ ሆና ትሠራ ስለነበር የፊልሙ ቅጂ ቤቷ ባለ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና አመጡት ይባላል። የኩባንያውን ሀብት ያተረፈው የአንዲት አራስ ቤት ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ ባለሙያ በሥራ ድካም ውስጥ ሆኖ በተሳሳተ ኮምፒውተር ላይ የማጥፊያ ትእዛዝ ሰጠ። 300 ጊጋባይት ያህል ከነበረው መረጃ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ገደማ ነበር። ኩባንያው 5 የመጠባበቂያ ዘዴዎች ነበሩት። አንዱም እንደታሰበው ሲሠራ አልተገኘም። ያወጣቸው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። ኩባንያው ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለሕዝብ መናገሩ ያስመሰግነዋል፤ እኛም የተማርነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ባትሪዎች ሲዛወሩ እሳት ተነሣ። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዶቻቸውን የሚያስቀምጡበት "ጂ ድራይቭ" የተባለው ማከማቻ 858 ቴራባይት መረጃ እንደያዘ ወደመ። መጠኑ ትልቅ ነው ተብሎ በሌላ ቦታ ቅጂ አልተቀመጠለትም ነበር። በቴክኖሎጂ የተራቀቀች አገር በአንድ እሳት ይህን ያህል ካጣች፣ በአንድ ሞባይል የተማመነ ቤተሰብ ምን ይዋጠው?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በሙያችን "3፣ 2፣ 1" የሚባል ቀላል ደንብ አለ። ያሰራጨው አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ነው። ለሚያሳሳ ፋይል 3 ቅጂ ይኑረው፤ 3ቱ በ2 ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጡ፤ 1ዱ ከቤት ውጭ ይሁን። ለቤተሰብ ስንመነዝረው አንዱ ሞባይሉ ላይ፣ ሁለተኛው ቤት ባለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው በዘመድ ቤት ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ማለት ነው። ዝርዝሩ እነሆ፦

አንደኛ፣ ለዩ። ሁሉን ልገልብጥ ያለ ሰው ይሰለቻል። ፊልምና ቀልድ ይቅር፤ መልሶ የማይገኘውን ብቻ በአንድ ፎልደር ሰብስቡ።

ሁለተኛ፣ ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ዲስኩን ንቀሉ። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 "ዋናክራይ" የተባለው ቫይረስ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችም ሕሙማንን ለመመለስ ተገደዋል። እንዲህ ያለ ቫይረስ በዚያ ሰዓት የተሰካውን ዲስክም አይምርም። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ግን ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። "አፕዴት" ሲባል "በኋላ" ማለትን እናቁም።

ሦስተኛ፣ በኢንተርኔት ማከማቻ ብቻ አትመኩ። በጉግል ፎቶስ የተቀመጠን ፎቶ ከመተግበሪያው ብታጠፉት ከማከማቻውም አብሮ ይሄዳል፤ ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ የሚቆየውም 60 ቀን ነው። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ሲሆን፣ ለሁለት ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ሊያጠፋ እንደሚችል አስታውቆ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። የሟች ወላጅ ፎቶዎች ያሉበት አካውንት ካለ ሳይዘገይ ይገልበጥ።

አራተኛ፣ በቴሌግራም ፎቶ ስትልኩ "ፋይል" በሚለው በኩል ላኩ። በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ወደፊት ሊታተም ሲፈለግ ይደበዝዛል።

አምስተኛ፣ ክፈቱና እዩ። ጊትላብን ያስደነገጠው ቅጂ አለኝ ብሎ ማመኑ ነው። ከቅጂው ውስጥ ሁለት ሦስት ፋይል ሳይከፍት "አስቀምጫለሁ" የሚል ሰው ገና አላስቀመጠም።

"ዲስክ ውድ ነው" የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ እውነትም ነው። ወንድምና እህት አዋጥተው አንድ ዲስክ መግዛት ይችላሉ። ወይም ሁለት ቤተሰብ ይቀያየር፤ የእነሱ ቅጂ እናንተ ቤት፣ የእናንተ እነሱ ቤት ይቀመጥ። አማና መጠባበቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

የቤት ገመና

አንድ ነገር ሳናነሳ ብናልፍ ጎደሎ ይሆናል። እህቶች ከቤት ውጭ የማይታይ ፎቶ ሞባይላቸው ላይ አለ። ሞባይሉ ሲበላሽ ግን ፎቶውን ላለማጣት ሲሉ ከነምስጢር ቁጥሩ ለማያውቁት ሰው አስረክበው ይሄዳሉ። ቅጂ ያለው ሰው ከዚህ ጭንቀት ይድናል። ሞባይሉ የሚከፈት ከሆነ ውስጡን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ባዶውን ለጥገና ይሰጣል፤ ሲመለስ ከቅጂው ይሞላዋል። በአንዳንድ የሳምሰንግ ሞባይሎች ላይም "ሜንተናንስ ሞድ" የሚል አለ፤ ጠጋኙ ፎቶና መልእክት ሳያይ እንዲሠራ ያደርጋል።

በዘመድ ቤት የሚቀመጠውንም ዲስክ "ቬራክሪፕት" በተባለው ነፃ ፕሮግራም በይለፍ ቃል መቆለፍ ይቻላል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከተረሳ እኛም ሆንን ሌላ ባለሙያ አንከፍተውም። በወረቀት ጽፋችሁ ከቤቱ ሰነዶች ጋር አኑሩት።

አደጋው ከደረሰ

ፋይል በስህተት ካጠፋችሁ ዕቃውን መጠቀም አቁሙ። በኮምፒውተር ሃርድ ዲስክና በሜሞሪ ካርድ ላይ የጠፋ ፋይል አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ ሊመለስ ይችላል። ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው አጥፉት፤ ደጋግሞ መሞከር ሳህኑን ያስፍቀዋል። ውኃ የገባበት ሞባይል ቻርጅ አይደረግ፤ ሩዝ ውስጥም አይቀበር፤ አፕል ራሱ የሩዝ ብናኝ ዕቃውን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። አጥፍታችሁ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ ለማድረግ አንድ ምሽት ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ማስታወሻ ብቻ ነው። ይህ መጽሔት በየወሩ ቤታችሁ ሲገባ፣ ከልጆቻችሁ አንዱ ዲስኩን አውጥቶ የወሩን ፎቶዎች ይገልብጥ፤ ሌላው ከቀድሞዎቹ ሦስቱን ከፍቶ ለአያቶቹ ያሳይ። ቅጂው መሥራቱ በዚያው ይረጋገጣል፣ ቤቱም ይጫወታል።