ሦስት መቶ ወይስ አራት መቶ ስድሳ

የቋንቋ ተማሪ ምን አግብቶት ፕሮግራም ይጽፋል ትሉ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር። ነገሩ የተጀመረው ዱርቤቴ ነው። የአንዳችን እናት ገበያ ላይ ጌሾና ብቅል ይቸረችራሉ፤ የዱቤ ደብተራቸውን የምንደምረው ለእረፍት ስንሄድ እኛ ነን። ታዲያ «200+3*50» ተብሎ የተጻፈውን አንብቦ መልሱን የሚነግረን ፕሮግራም ስልካችን ላይ ብንሠራስ አልን።

ኮምፒዩተር የሚያጠና የፖሊ ወዳጃችን ሳቀብን። «ፓይተን ውስጥ ኢቫል የሚባል ትእዛዝ አለላችሁ፤ በአንድ መስመር ያልቃል» አለ። ወዲያው ግን ራሱ አስጠነቀቀን፤ ኢቫል ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የተጻፈለትን ሁሉ ይፈጽማል፣ ፋይል አጥፋ ቢሉትም ያጠፋል። እንግዲያው በእጃችን እንሥራው ብለን ተነሣን።

የመጀመሪያው ሥራችን ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ይነዳ ነበር። ሁለት መቶና ሦስትን ደመረ፣ በሃምሳ አባዛ፣ 10,150 ብር አለ። ለሦስት ጣሳ ጌሾ! «ወርቅ ነው እንዴ የሸጥሁት?» አሉ እናታችን። ተሳቀ፤ ማባዛት ይቅደም ብለን አረምን፤ 350 መጣ። እንዲህ ያለው ስሕተት ደግ ነው፣ ራሱን ያጋልጣል።

ሁለተኛው አላጋለጠም። ስናርም፣ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ባገኘው የመቀነስ ምልክት ላይ ጽሑፉን ለሁለት ከፍሎ ግራና ቀኙን ለየብቻ እንዲያሰላ አድርገን ነበር። ብልህ የሆንን መስሎን። አንዲት ደንበኛ 500 ብር ዕዳ ነበረባቸው፤ 120 ከፈሉ፣ ኋላም 80። «500-120-80» ብለን ጻፍን። ፕሮግራሙ በቀኝ በኩል ከ120 ላይ 80 ቀንሶ 40 አገኘ፣ ያንኑ ከ500 አነሣና 460 አለ። ሴትዮዋ ማንበብ አይችሉም። «ስልኩ ካለ እንግዲህ ምን እላለሁ ልጆቼ፤ እናንተ ተምራችኋል» ብለው የመቀነታቸውን ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ።

«ቆዪ እስቲ» አሉ እናታችን፤ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ «ከአምስት መቶው መቶ ሃያ ሰጠሽኝ፣ ሦስት መቶ ሰማንያ ቀረ። ሰማንያ ሰጠሽኝ፣ ሦስት መቶ ቀረ። በቃ።»

160 ብር ልናስከፍላቸው ነበር። ፊታችንን የት እናድርገው!

ፔዳ ስንመለስ ያ አነጋገር አልለቀቀንም። አማርኛችን ግሡን መጨረሻ ላይ ያመጣል፤ ቁጥሮቹ ይቀድማሉ፣ «ቀንስ» ይከተላል፣ አንዱ ሥራ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣችው ኤችፒ-35 የተባለች የኪስ ሒሳብ ማሽንም የምትታዘዘው በዚሁ ሥርዐት ነበር፤ 500፣ 120፣ ቀንስ፣ 80፣ ቀንስ። ቅንፍ እንኳ አያሻትም። በወረቀት ላይ የለመድነውን አጻጻፍ ወደዚህ የሚያዞር ዘዴ ኔዘርላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1961 አቅርቧል፤ ምልክቶቹ እንደ ባቡር ፉርጎ በጎን ሐዲድ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ቀድሞ የቆመው ምልክት ከመጪው የሚበልጥ ወይም እኩል ከሆነ እሱ ይውጣ ነው ሕጉ። እኛ የሳትነው «እኩል ከሆነ» የሚለውን ነው።

እንደገና ጻፍነው። አሁን መልሱን ብቻ አይሰጥም፤ «ይህ ተቀነሰ፣ ይህ ቀረ» እያለ በየእርምጃው ይናገራል።

በሚቀጥለው ገበያ ስልኩን ስናወጣ ሴትዮዋ ቋጠሯቸውን ጨበጥ አድርገው ወደ እናታችን ዞሩ። «መጀመሪያ አንቺ ቁጠሪልኝ» አሉ።