ከፍትፍቱ ፊቱ

እናቴ የቆሽት ካንሰር እንዳለባት በታወቀ በሦስተኛው ወር የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ይወልቅ ጀመር። መጀመሪያ ክር ጠምጥማ አጠበበችው፤ በኋላ ወደ አውራ ጣቷ አዛወረችው፤ በመጨረሻም ከማተቧ ጋር በአንገቷ አሰረችው። ቀለበቱን ወደ ቦታው ለመመለስ እኔ የማውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ማብላት።

በእኛ ዘንድ ፍቅር በእጅ ተጠቅልሎ ይጎረሳል። ማለዳ አጥሚት፣ ቀን የዶሮ መረቅ፣ ማታ ቅቤ የጠገበ ፍትፍት አቀርብላት ነበር። ጎረቤቶቻችንም ገንፎውንና ተልባውን ይዘው ይመጣሉ። አንዱን ጉርሻ በመከራ ስትውጥልኝ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እያልኩ ሁለተኛውን አስከትላለሁ። እርሷም ለማምለጥ «ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ?» ትለኛለች፤ ቀኑ ማክሰኞ ነው። ለእኔ ስትል የዋጠችውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሳፋ እቀበላለሁ። ክሳቷ ግን አልቆመም። እኔና እህቴም «አንቺ ቸል ብለሽ ነው»፣ «አንተ አስጨንቀሃት ነው» እየተባባልን በሹክሹክታ ተጣላን።

በዚህ መካከል ቤት ለቤት እየዞረች ሕሙማንን የምትረዳ ነርስ መጣችልን። ሙያዋ ፓሊየቲቭ የሚባለው፣ ሥቃይን የማቅለል ሕክምና ነው። ለዚህ ሥራ የቆሙ ሆስፒሶች እ.ኤ.አ. በ1990 በናይሮቢ፣ በ1993 በካምፓላ፣ በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ ተመሥርተዋል፤ እኔ ግን እስከዚያ ቀን ስማቸውን አልሰማሁም ነበር።

«እናትዎን የሚያከሳቸው ረሃብ አይደለም፤ በሽታው ነው» አለችኝ። ሐኪሞች ካኬክሲያ ይሉታል፤ ቃሉ የግሪክ ሲሆን «ክፉ ሁኔታ» ማለት ነው። የተራበ ሰው ሲበላ ሥጋው ይመለሳል። በካኬክሲያ ግን ዕጢውና ሰውነት ራሱ የሚያመነጩአቸው ንጥረ ነገሮች ጡንቻንና ስብን ያፈርሳሉ፤ የመብላት ፍላጎትንም ከአንጎል ያጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የዘርፉ ጠበብት የተስማሙበት ትርጓሜም የጡንቻው መመንመን በተለመደው ምግብ ሙሉ በሙሉ አይመለስም ይላል። ሕመሙ ገና በጅምሩ ሳለ የአመጋገብ ምክር ይጠቅማል፤ እኛ ግን ያንን ጊዜ አልፈነው ነበር።

«ጉሉኮስስ?» አልኳት። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በደም ሥር የሚሰጥ ምግብ በአብዛኛው ዕድሜ እንደማይጨምር፣ ፈሳሹም እብጠትና የትንፋሽ ችግር ሊያመጣ እንደሚችል ነገረችኝ። ሆኖም «ከእንግዲህ ምንም አይደረግም» አላለችም። ሊታከም የሚችለውን ፈለገች፤ በአፏ ውስጥ የወጣውን ነጭ ፈንገስ፣ ማቅለሽለሹን፣ ከሞርፊን የመጣውን የሆድ ድርቀት። ዴክሳሜታዞን የምግብ ፍላጎትን ለጥቂት ሳምንታት ሊያነሣሣ እንደሚችል፣ ሲቆይ ግን ራሱ ጡንቻን እንደሚያደክም አስረዳችኝና ውሳኔውን ለሐኪሙ ተወችው። የወጥ ሽታ ከክፍሉ እንዲርቅ፣ ቀዝቀዝ ያለ እርጎ በቡና ሲኒ እንዲቀርብ፣ ያም በጠየቀች ሰዓት ብቻ እንዲሆን፣ ከንፈሯም በእርጥብ ጥጥ እንዲረጥብ አዘዘችን። ሚዛኑን ከመኝታ ክፍሉ ያወጣነውም በእርሷ ምክር ነው።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የተባለው ለእንግዳ ተቀባይ ነው። እኔ ግን ለሳምንታት ፍትፍቱን ይዤ የእናቴን ፊት ሳላይ ቆይቼ ነበር። ሳህኑን ሳስቀምጥ ፊቷን አየሁ፤ ከእኔ መፍራቷን ተወች። እግሯን በቅባት እያሸሁ ስለ ልጅነቷ አወራችኝ፤ ጎረቤቶችም ባዶ እጃቸውን መጥተው አጠገቧ መቀመጥን ለመዱ።

አንድ ማታ እኔና እህቴ ከአልጋዋ አጠገብ ራት ስንበላ እጇን እንድናስታጥባት በምልክት ጠየቀችን። ከመሶቡ ትንሽ እንጀራ ቆርሳ ለእህቴ አጎረሰች፤ ቀጥላም ለእኔ። እጇ እየተንቀጠቀጠ እንደገና ቆረሰች። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለችና ሁለታችንንም ደገመችን። እርሷ ምንም አልቀመሰችም። እኔና እህቴ ከዚያ ማታ ወዲህ ስለ ምግብ አልተጣላንም።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ አረፈች። በለቅሶው ላይ አንዲት ዘመዳችን «ምነው ትንሽ እንኳ ብታጎርሷት ኖሮ» አለችኝ። አልተቀየምኳትም፤ እኔም እንዲሁ አስብ ነበርና። ቁጭ ብዬ ነርሷ የነገረችኝን ነገርኳት፤ እናቴ በረሃብ አልሞተችም።